ድሉ የሚበየደው ጋራዥ ውስጥ ነው

ከሞተር ስፖርት ዓለም

ፈረንሳይ ውስጥ ለማን በምትባል ከተማ በየዓመቱ 24 ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ የሚካሄድ የመኪና ውድድር አለ። የእግር ኳስ አፍቃሪ የዓለም ዋንጫን እንደሚጠብቀው የሞተር ስፖርት ወዳጅም ይሄንን ውድድር ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1991፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 16 ቀን 1983 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ሀገራችን በመንግሥት ለውጥ ወሬ ተጠምዳ በነበረችበት ሰሞን ለማን ላይ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ሲመራ ያደረው መርሴዲስ ሊጠናቀቅ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲቀረው የውሃ ፓምፑ ሥራ አቆመና ሞተሩ ግሎ ከውድድር ወጣ። ብርቱካናማና አረንጓዴ የተቀባችው ባለ 55 ቁጥሯ ማዝዳ 787ቢ ግን እየጮኸች ቀጠለች። 362 ዙር ዞራም አንደኛ ወጣች።

ከሾፌሮቹ ቮልከር ቫይድለርና በርትራንድ ጋሾ ጋር እየተቀያየረ የነዳው እንግሊዛዊው ጆኒ ኸርበርት የመጨረሻውን መስመር ካለፈ በኋላ ሰውነቱ ውሃ ጨርሶ ስለነበር ከመኪናው ሲወርድ መቆም አልቻለም። ወደ ሕክምና ተወሰደ፤ የአሸናፊነቱን መድረክም ጓደኞቹ ያለ እሱ ወጡ። ማዝዳ በለማን ያሸነፈ የመጀመሪያው የጃፓን ኩባንያ ሆነ። ሌላ የጃፓን መኪና (ቶዮታ) ይህን ድል እስኪደግመው ድረስ እ.ኤ.አ. እስከ 2018 መጠበቅ ግድ ነበር።

ልብ በሉ! ያቺ መኪና ፒስተን የሚባል ነገር አልነበራትም። ሞተሯ ሮታሪ ነው። ከዚህም በላይ ተርቦ አልነበራትም። 2.6 ሊትር ብቻ የሆነው ባለ አራት ሮተር ሞተሯ ያለ ተርቦ 700 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። "ያለ ተርቦ እንዲህ ከሆነ፣ ተርቦ ሲጨመርበትስ?" የሚል ጥያቄ የጎተራ መካኒክ ሳይቀር ይጠይቃል። በፖርቶ ሪኮ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድ፣ በጃፓንና በአሜሪካ ያሉ ተወዳዳሪዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ ዓመታት ቆጥረዋል። መልሱ ደግሞ የሚገኘው ሞተሩ ውስጥ ወይም ሾፌሩ እግር ላይ ብቻ አይደለም። በሞተሩና በተርቦው መካከል በምትገኝ ጥቂት ኪሎ በምትመዝን ቧንቧ ላይም ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያች ቧንቧና ስለሚበይዳት ሰው ነው።

ሳምቡሳ የሚሽከረከርበት ሞተር

በቅድሚያ ሞተሩን እንተዋወቀው። እኛ የምናውቀው ሞተር ላይ ፒስተን ወደላይ ወደታች ይላል፤ ከላዩ ቴስታታ አለ፣ ቴስታታው ውስጥ ቫልቮች አሉ። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንከል (እ.ኤ.አ. 1902 - 1988) ግን ይህን ሁሉ መውጣት መውረድ አልወደደውም። በእሱ ሞተር ውስጥ የሚሽከረከረው ሮተር የሚባል፣ ጎኖቹ ወጣ ወጣ ያሉ ሦስት ማዕዘን ነው። ሳምቡሳ አስቡ። ይህ ሳምቡሳ ወገቡ ትንሽ ገባ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ እየዞረ በአንድ ጎኑ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ በሌላው ያምቃል፣ ካንዴላ ሲተኮስ ይገፋል፣ ከዚያም ጭሱን ያስወጣል። ቴስታታ የለ፣ ቫልቭ የለ። ሮተሩ አንዴ እስኪዞር የሞተሩ ዘንግ ሦስቴ ይዞራል።

የመጀመሪያው ሙከራ ሞተር ኤንኤስዩ በተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ተነሳ። በኋላ የሂሮሺማው ማዝዳ ፈቃዱን ገዝቶ ኬኒቺ ያማሞቶ በሚባል መሐንዲስ የሚመራ ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ ብዙ ተፈተነ። የሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ የሚቀመጡት ማኅተሞች የቤቱን ግድግዳ እየቧጨሩት "የሰይጣን ጥፍር" የሚል ስም የወጣለት ጠባሳ ይተዉ ነበር። ችግሩ ተፈትቶ ባለ ሁለት ሮተሯ ኮስሞ ስፖርት እ.ኤ.አ. በ1967 ገበያ ወጣች። ያማሞቶም ኋላ ላይ የኩባንያው ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደረሱ።

ዛሬ በስፖርቱ በስፋት የሚታወቀው ሞተር 13ቢ ይባላል። እያንዳንዳቸው 654 ሲሲ የሆኑ ሁለት ሮተሮች አሉት፤ ሲደመር 1308 ሲሲ። ሲሲውን ስታዩት የአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ሞተር ይመስላል። ሥራው ግን ሌላ ነው።

ጭሱ ራሱ እሳት ነው

የቫልቭ አለመኖር ሁለት መዘዝ አለው፤ አንዱ ጥሩ፣ ሌላው መጥፎ። በፒስተን ሞተር ላይ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ቀስ ብሎ ይከፈታል። በሮታሪው ግን የሮተሩ ጫፍ ቀዳዳውን እንዳለፈ በሩ ብርግድ ይላል። ጋዙ ገና ትኩስ፣ ገና ግፊቱ ያልበረደ፣ አንዳንዴም ነዶ ያላለቀ ሆኖ በአንድ ጊዜ ይተኮሳል። የሮታሪ መኪና ያን ሁሉ ጩኸት የሚያሰማው ለዚህ ነው። ወደብ የሚባሉት ቀዳዳዎቹ ሰፍተው ለውድድር ሲዘጋጁ ደግሞ ቆሞ እንኳ "ብራፕ ብራፕ ብራፕ" ይላል፤ ወዳጆቹ ከሩቅ የሚለዩት በዚህ ድምፅ ነው።

ተርቦ የሚሠራው ደግሞ በጭስ ጉልበት ነው። የእኛ ሀገር የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ እንደሚያውቀው ጭሱ አንዱን ተሽከርካሪ ያዞራል፣ እሱ በዘንግ የተያያዘውን ሌላውን ያዞራል፣ ያ ደግሞ አየር እያመቀ ወደ ሞተሩ ይልካል። ዙሩ በደቂቃ ከ100 ሺህ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ጉልበተኛ ጭስ ላለው ሮታሪ ተርቦ ሠርግና ምላሽ ነው። ማዝዳም ይህን አውቆ እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም የመጀመሪያዋን ባለ ተርቦ የሮታሪ መኪና አወጣ።

መጥፎው ግን ሙቀቱ ነው። በውድድር ላይ ያለ ሮታሪ የሚተፋው ጭስ ከ900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይሞቃል። በዚህ ሙቀት ብረት ባይቀልጥም ፍም ይመስላል፤ ማታ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ ላየው ቧንቧው እንደ ከሰል ምድጃ ቀልቶ ይታያል። ብረት ሲቀላ ደግሞ ጉልበቱ ይከዳዋል። በዚያ ላይ ወደ አሥር ኪሎ የሚጠጋ ተርቦ ተንጠልጥሎበታል፣ ሞተሩ ያርገፈግፈዋል፣ መንገዱ ይንጠዋል። እንግዲህ ማኒፎልድ የምንለው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ጭሱን ከሞተሩ ወደ ተርቦው የሚያደርሰውን ቧንቧ ነው።

የፋብሪካው ሲወጣ የእጅ ሥራው ይገባል

እ.ኤ.አ. ከ1991 መጨረሻ እስከ 2002 የተመረተችው የመጨረሻዋ አርኤክስ-7 ከፋብሪካ የምትወጣው በሁለት ተርቦ ነበር። አንደኛው በዝቅተኛው ዙር ይሠራል፤ ዙሩ ሲጨምር ሁለተኛው ይቀላቀላል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ለማዘዝ ግን ብዙ ቀጫጭን የቫኪዩም ጎማዎች ያስፈልጉታል፤ ጎማዎቹ በሙቀት ሲደርቁና ሲሰነጠቁ ችግሩ የት እንዳለ ማግኘት መርፌ ከጭድ ክምር እንደመፈለግ ነው። ተወዳዳሪዎቹም ታዲያ ምን አደረጉ? ሁለቱን ተርቦ ከነማኒፎልዳቸው አውልቀው በአንድ ትልቅ ተርቦ መተካት ጀመሩ።

ችግሩ ትልቁ ተርቦ የፋብሪካው ማኒፎልድ ላይ አይገጥምም። የግድ አዲስ መሠራት አለበት። በሮታሪው ላይ ደግሞ አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ በአንድ ጎን ነው፤ መግቢያው ከላይ፣ መውጫው ከታች። ይህም ማለት ፍም የሚያክለው ቧንቧ ቀዝቃዛ አየር ከሚያመጣው ቧንቧ ሥር ነው የሚያልፈው። በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ተርቦው፣ ማኒፎልዱ፣ ወደ ማርሚታው የሚወርደው ቧንቧ፣ የዘይቱና የውሃው መስመር ሁሉ መግባት አለባቸው። ኮፈኑም መዘጋት አለበት!

ለዚህ ነው ሥራው በወረቀት ሳይሆን በመኪናው ላይ የሚጀመረው። በያጁ ሞተሩን ቦታው ላይ ያስቀምጥና ተርቦውን በቁርጥራጭ ብረት አንጠልጥሎ ያያል። ወደፊት ቢሆንስ? ከፍ ቢልስ? ፍሬኑን ያሞቀው ይሆን? ቡሎኖቹን የሚፈታ ቁልፍ ይደርሳል? ይህን ሳይጨርስ መቁረጥ የጀመረ ሰው ሥራውን ሁለቴ ይሠራታል።

ከላሜራ አይሠራም

ቀጥሎ የብረት ምርጫ ይመጣል። ተራ የማርሚታ ቧንቧ ስስ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ይበላል፣ ይሰነጠቃል። ባለሙያዎቹ የሚወዱት ለእንፋሎትና ለኬሚካል ፋብሪካ የሚመረተውን ወፍራም ግድግዳ ያለው ቧንቧ ነው፤ መታጠፊያዎቹም ተጣጥፈው የተዘጋጁ ክርኖች ናቸው። እነሱን እንደ ዳቦ እየቆራረጡ ይገጣጥሟቸዋል።

ከብረቱ ዓይነት አንዱ ተራው ብረት ነው። ርካሽ ነው፣ ለመበየድ አያስቸግርም፣ ግን ይዝጋል፤ በከፍተኛ ሙቀትም ቆዳው እየተላጠ ይሄዳል። ሁለተኛው ስቴንለስ ነው። 304 የሚባለው ብዙ ቦታ ይገኛል፤ 321 የሚባለው ደግሞ ቲታኒየም ስለተጨመረበት ሙቀቱን በተሻለ ይችላል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ከዚህ በላይ ገንዘብ ያለው ቡድን ኢንኮኔል ወደሚባለው በኒኬል የበለጸገ ብረት ይሄዳል።

ስቴንለስ ግን አንድ አመል አለው፤ ሲሞቅ ከተራ ብረት የበለጠ ይለጠጣል። 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የስቴንለስ ቧንቧ ሙቀቱ በ800 ዲግሪ ሲጨምር ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሞተሩ በተነሳና በጠፋ ቁጥር እንዲህ ይተነፍሳል ማለት ነው። ቧንቧው መፈናፈኛ ካጣ የሚለጠጥበትን ቦታ ራሱ ይፈልጋል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ብየዳው ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትጀምራለች።

አርጎን፣ ትዕግሥትና ንጽሕና

አሁን ወደ ብየዳው እንግባ። ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው ሰሌዳ (ፍላንጅ ይሉታል) አብዛኛውን ጊዜ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ስስ ከሆነ በሙቀት ይጣመማል፤ ከተጣመመ ጓርኒሲዮኑ ይነፍሳል። ስለዚህ በያጁ ፍላንጁን መጀመሪያ ከወፍራም ብረት ጋር ወይም ከአሮጌ የሞተር ቤት ጋር በቡሎን ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል።

የቧንቧዎቹ ቁርጥ ፍጹም መግጠም አለበት። ሁለቱ ጠርዞች ሲገናኙ በመካከላቸው ብርሃን ከታየ ገና አልተሠራም። "ክፍተቱን በብየዳ እሞላዋለሁ" የሚል ሰው በሩን ወይም አልጋውን ይበይድ እንጂ ወደዚህ ባይመጣ ይሻላል። የተሞላ ክፍተት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ቧንቧውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል።

ብየዳው የሚሠራው በአርጎን ነው። የተንግስተን እሾህ አርክ ይፈጥራል፤ ተንግስተን የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ስለሆነ እሱ አይቀልጥም። አርጎን ጋዝ በዙሪያው እየፈሰሰ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይጠብቀዋል። በሌላው እጁ በያጁ ቀጭን ሽቦ እየመገበ ይሄዳል፤ ለ304 ስቴንለስ 308፣ ለ321 ደግሞ 347፣ ስቴንለስን ከተራ ብረት ለማገናኘት 309።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው። ስቴንለስ ሲቀልጥ የቧንቧው ውስጥም አየር ካለ ጀርባው ይቃጠልና ጥቁር ስኳር የተበተነበት ይመስላል። ያ ሻካራ ነገር ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። ሁለተኛ ተገንጥሎ ከጭሱ ጋር የሄደ ቅንጣት በደቂቃ 100 ሺህ ዙር የሚዞረውን የተርቦ ምላጭ ይመታዋል። ስለዚህ የቧንቧው ጫፎች በቴፕና በፎይል ይታሸጉና ውስጡም አርጎን ይሞላል። ጋዙ ውድ ነው፤ ቆጥቤ አመለጥኩ የሚል ግን በኋላ ተርቦ ይገዛል።

ንጽሕናውም ቀላል ነገር አይደለም። ቅባት ያለው ብረት ብየዳው ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያወጣል። እዚህ ላይ ግን ለሀገራችን በያጆችም የሚጠቅም ማስጠንቀቂያ አለ፤ ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ ያጠቡትን ብረት ሳይደርቅ መበየድ ገዳይ ነው። ፈሳሹ በአርኩ ሲመታ ፎስጂን የሚባለውን መርዝ ጋዝ ይሠራል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የገደለው ጋዝ ነው። የስቴንለስ ጭስ ራሱም ለሳንባ ጠንቅ የሆነ ክሮሚየም ስላለበት መስኮት ከፍቶ፣ ጭንብል አድርጎ መሥራት ግድ ነው።

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አይበየድም። ትንሽ ትንሽ ነጥብ ነጥብ እየተደረገ ይያዛል፣ መኪናው ላይ ይለካል፣ ይወርዳል፣ አንድ ጎን ይበየዳል፣ እንዲቀዘቅዝ ይጠበቃል፣ ከዚያ ተቃራኒው ጎን ይቀጥላል። ሲያልቅ ፍላንጁ ፍሬዛ ላይ ወጥቶ ፊቱ ይስተካከላል። ተርቦው ክብደቱን በሙሉ ቧንቧው ላይ እንዳይጥል ደግሞ ለብቻው መደገፊያ ይሠራለታል፤ መደገፊያውም መለጠጡን የማይከለክል መሆን አለበት።

ሁለት ሮተር፣ ሁለት መንገድ

የሁለቱ ሮተሮች ጭስ እየተፈራረቀ ነው የሚወጣው፤ ዘንጉ ግማሽ ዙር በዞረ ቁጥር አንዱ ይተኩሳል። ሁለቱን ቶሎ ብታገናኟቸው አንዱ ሌላውን ይረብሸዋል። ስለዚህ ጎበዝ በያጅ ሁለቱን ቧንቧዎች ርዝመታቸውን አቀራርቦ እስከ ተርቦው በር ድረስ ለየብቻ ያደርሳቸዋል። የተርቦው በርም መሐሉ ግድግዳ ያለው ይሆናል። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ምት ሳይደበዝዝ ተርቦውን ይመታዋል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥም ተርቦው ቶሎ ይነቃል።

ርዝመቱ ላይ ክርክር አለ። አጭር ቧንቧ ሙቀት አያባክንም፣ ቶሎ ያስነሳል፣ የሚሰነጠቅበት ቦታም ያንሳል። ረዥሙ በከፍተኛ ዙር ይተነፍሳል፣ ለዓይንም ያምራል። ለድሪፍት የሚፈልግ ሰው ጉልበቱን ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል፤ ለሩብ ማይል የሚፈልገው ግን ከላይ ያለውን ይፈልጋል። አንድ ማኒፎልድ ሁሉንም አያስደስትም። በያጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄም "መኪናው ምን ሊያደርግ ነው?" የሚል ነው።

ሞተሩን የምትገድለው ትንሿ መታጠፊያ

እንግዲህ ዋናው ጉድ እዚህ ላይ ነው። ተርቦ ልቅ ከተለቀቀ ያለማቋረጥ አየር እያመቀ ሞተሩን ያፈነዳዋል። ስለዚህ የተወሰነ ግፊት ላይ ሲደርስ ትርፉን ጭስ ከተርቦው ውጭ አሳልፎ የሚለቅ በር አለ፤ ዌስትጌት ይባላል። ይህ በር ከማኒፎልዱ ላይ የሚወጣበት ማዕዘን የበያጁ ውሳኔ ነው።

ጭስ እንደ ጎርፍ ነው። ቀጥታ ወደፊት እየሮጠ ያለን ጎርፍ በድንገት ወደ ኋላ ታጠፍ ብትሉት አይሰማም። ቅርንጫፏ ቧንቧ ከፍሰቱ ጋር አብራ ካልተዘነበለች ጭሱ አልፏት ወደ ተርቦው ይሄዳል። በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ግፊቱ መውጣቱን ይቀጥላል። በሮታሪ ላይ ይህ የባሰ ነው፤ የጭሱ ጉልበት ብዙ ስለሆነ ትልቅ ዌስትጌት ወይም ሁለት ዌስትጌት ይጠይቃል።

ግፊቱ ከታሰበው ካለፈ ምን ይሆናል? ቤንዚኑ ከጊዜው ቀድሞ ይፈነዳል። የሮተሩ ጫፍ ላይ ያለው ማኅተም በ13ቢ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ሁለቱ ሮተሮች ላይ ስድስት አሉ። አንዱ ከተሰበረ ቁራጩ የቤቱን ግድግዳ ይቧጥጠዋል፣ ከዚያ በጭሱ ቀዳዳ ወጥቶ፣ በዚያው በተለፋበት ማኒፎልድ ውስጥ ሮጦ የተርቦውን ምላጭ ይሰብረዋል። ፒስተን ሞተር እንዲህ ሲመታ አንዳንዴ ይታገሳል። ሮታሪ ግን ይቅርታ አያውቅም። በአንድ ሰከንድ ሞተርም ተርቦም ሄደ ማለት ነው።

ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ ራሱን ይይዛል። ተመልካቹ "ሮታሪ ድሮም አይረባም" ይላል። ጥፋቱ ግን የሞተሩ ላይሆን ይችላል። ወራት በፊት ጋራዥ ውስጥ "ቦታ ጠበበኝ" ተብላ በተሳሳተ ማዕዘን የተበየደች አንዲት ቅርንጫፍ ልትሆን ትችላለች። መርሴዲስን ለማን ላይ ያስቆመውም ቢሆን ትልቁ ሞተር ራሱ ሳይሆን አጠገቡ ያለ ትንሽ ነገር ነበር።

ያማረ ሁሉ ጠንካራ አይደለም

በፎቶ የምታዩአቸው ማኒፎልዶች ብየዳቸው ቀስተ ደመና ይመስላል፤ ወርቃማ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ። ብዙ ወጣት ይህን አይቶ ነው የሚያዘው። እውነቱን ለመናገር ቀለሙ በሙቀት የተፈጠረ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ፈዛዛ ወርቃማ ከሆነ ሙቀቱም ጋዙም ልክ ነበሩ ማለት ነው። ወደ ጥቁር ግራጫ ከሄደ ግን ብረቱ ከመጠን በላይ ሞቋል። እንደ ሳንቲም ድርድር የተደረደረ ውብ ብየዳም ቢሆን ጀርባው ስኳር ከሠራ ዋጋ የለውም። ሰው የሚያየው ውጩን ነው፤ ጭሱ የሚያየው ግን ውስጡን ነው።

ሙቀቱን ለመያዝ ብለው ቧንቧውን በጨርቅ መሰል መጠቅለያ የሚጠቀልሉም አሉ። አጠገቡ ያሉትን ዕቃዎች ከሙቀት ያድናል፣ ተርቦውንም ይረዳል። ነገር ግን ብረቱ ራሱ መተንፈሻ አጥቶ የበለጠ ይግላል፤ ስስ ቧንቧ ከሆነ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ብዙዎች ሴራሚክ መቀባትን ወይም ራቅ ብሎ የሚቆም የሙቀት መከላከያ መጠቀምን ይመርጣሉ።

ፍሬው የታየባቸው ሜዳዎች

ሁሉም ነገር ሲሳካስ? የካሊፎርኒያው ሬሲንግ ቢት እ.ኤ.አ. በ1986 ተርቦ የገጠመላትን አርኤክስ-7 ይዞ ቦነቪል ወደሚባለው የዩታ የጨው ሜዳ ሄደ። መኪናዋ በሰዓት 238.442 ማይል፣ በእኛ 383 ኪሎ ሜትር በላይ በመሮጥ በምድቧ ክብረ ወሰን ሰበረች።

ፖርቶ ሪኮ ደግሞ ለሮታሪ ሁለተኛ ሀገሩ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትንንሽ አሮጌ ቶዮታዎችን ሞተራቸውን አውጥተው 13ቢ ይከቱባቸዋል። በእነሱና በአውስትራሊያውያን መካከል የሩብ ማይል (402 ሜትር) ፉክክሩ የጦፈ ነው፤ ከ7 ሰከንድ በታች የገቡ የሮታሪ መኪኖች አሉ። ይህን ጽሑፍ አንድ መስመር አንብባችሁ ሳትጨርሱ ሩጫው አለቀ ማለት ነው። በኒውዚላንድ ደግሞ "ማድ ማይክ" በሚል ስም የሚታወቀው ማይክ ዊዴት በድሪፍት ሜዳ ላይ ባለ አራት ሮተርና ባለ ሁለት ተርቦ ማዝዳ ይዞ ሕዝቡን በጆሮ ደግፍ አስቆሞታል።

እነዚህ መኪኖች ሲያሸንፉ ዋንጫውን የሚያነሳው ሾፌሩ ነው። ስሙ የሚጻፈውም የእሱ ነው። እግር ኳስ ላይ ጎል ያገባው ሲጨበጨብለት ኳሱን ከኋላ ያስጀመረው ተከላካይ እንደሚረሳው ሁሉ፣ በሌሊት ጭንብሉን አውርዶ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ሲፈልግ ያደረውን በያጅ ማን ያስታውሰዋል?

የቀረው ሞተር ጥቂት ነው

ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ምክንያት አለ። የአርኤክስ-7 ምርት እ.ኤ.አ. በ2002፣ የተከተለቻት የአርኤክስ-8 ምርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ቆሟል። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ሮታሪን መልሶ ያመጣው ኤምኤክስ-30 በምትባል መኪና ላይ ነው፤ እሱም 830 ሲሲ አንድ ሮተር ያለው፣ ባትሪ ለመሙላት ብቻ የሚሽከረከር ነው። ጎማውን እንኳ አያዞርም። ለውድድር የሚሆነው የድሮው 13ቢ ግን በተፈነዳ ቁጥር ከዓለም ላይ አንድ ይጎድላል። የተቧጨረ የሮተር ቤት እንደ ፒስተን ሞተር ሲሊንደር ቶርኖ ቤት ተወስዶ ሰፋ ተደርጎ አይመለስም፤ ሥሪቱ ስለማይፈቅድ ነው። ብዙ ጊዜ መተካት ይኖርበታል።

ስለዚህ ዛሬ ማኒፎልድ የሚበይድ ሰው የአንድ ወጣትን ገንዘብ ብቻ አይደለም በእጁ የያዘው። ያ "ብራፕ ብራፕ" የሚለው ድምፅ በሜዳዎቹ ላይ ምን ያህል ዓመት እንደሚቀጥልም በከፊል እጁ ላይ ነው። አርጎን የቆጠበ፣ ማዕዘን ያጣመመ፣ ሳይለካ የቆረጠ ሰው አንድ ሞተር ይቀንሳል። የታገሠው ግን አንድ ሞተር ያቆያል።

በሚቀጥለው ጊዜ የሮታሪ መኪና በቴሌቪዥን ስታዩ እሳት ከምትተፋው ጭስ ማውጫ ትንሽ ወደ ውስጥ አስቡ። እዚያ ኮፈኑ ሥር፣ እንደ ፍም የቀላች፣ እየተለጠጠችና እየተኮማተረች የምትሠራ ቧንቧ አለች። መኪናዋ የመጨረሻውን መስመር ካለፈች የያዛት የዚያ ሰው ብየዳ ነው። ቸር ይግጠመን!